ስለ ድራፍት ስትከራከሩ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ኤፕሪል ሲጋመስ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ባሉ የሐበሻ ካፌዎች ከማኪያቶው ጋር የሚነሣው ወሬ አንድ ነው፦ የዋሽንግተኑ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኮማንደርስ ዘንድሮ በድራፍቱ፣ ማለትም ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን በተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ ማንን ይወስዳል? ክርክሩ ደስ ይላል። የሚያሳዝነው ቡድናቸውን ከልብ የሚወዱ፣ አንድ ጨዋታ የማያመልጣቸው ሰዎች በየዓመቱ በዚያው ስህተት ላይ ቆመው ሲጣሉ ማየት ነው። ስህተቱ የሚመነጨውም በአብዛኛው ከአንድ ቦታ ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው አርሰናልና ማንቸስተር እያልን ነው፤ ስለ ተጫዋች ማሰብ የለመድነው ከዝውውር መስኮት ነው። እዚያ አጥቂ ሲጎድል አጥቂ ይገዛል፤ ብር ያለው ክለብ ነሐሴ ላይ ገዝቶ መስከረም ላይ ያሰልፈዋል። ድራፍት እንደዚያ አይሠራም። በድራፍት የምትወስዱት በርካሽ ዋጋ የታሰረ የአራት ዓመት ውል ነው። ክርክሩ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሰባት ዙር እንዳለውና የተሸነፈ ቡድን ቀድሞ እንደሚመርጥ ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ።

“ሪሲቨር የለንም፤ በአንደኛው ዙር ሪሲቨር እንውሰድ”

ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆየት እንበል።

ደጋፊ ክፍተት የሚያየው ባለፈው ጃንዋሪ የተሸነፈበትን ጨዋታ እያስታወሰ ነው። ኳስ ያመለጠው ሪሲቨር (የሚወረወርለትን ኳስ የሚይዝ አጥቂ) ዓይኑ ላይ ቀርቷል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ሪሲቨር ይሆናል። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ግን ከፊቱ የተዘረጋው ሌላ ወረቀት ነው። የማን ውል መቼ እንደሚያልቅ፣ ማን 30 ዓመት እንደሚሞላው፣ የከርሞና የሚቀጥለው ዓመት የደመወዝ ጣሪያ (ሊጉ ለአንድ ቡድን ደመወዝ የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን) ምን ያህል እንደተያዘ ያያል። ሁለቱ ሰዎች “ክፍተት” ሲሉ የሚያወሩት ስለተለያየ ዓመት ነው።

ግሪን ቤይን ተመልከቱ። ፓከርስ በ2019 የውድድር ዘመን 13 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፎ እስከ ኤን.ኤፍ.ሲ. (ከሊጉ ሁለት ምድቦች የአንዱ) ፍጻሜ ደርሶ ነበር። በ2020 ድራፍት ደጋፊው በአንድ ድምፅ “ለአሮን ሮጀርስ ሪሲቨር አምጡለት” አለ። ቡድኑ የአራተኛ ዙር ምርጫ ጨምሮ ከ30ኛ ወደ 26ኛ ተራ ከፍ አለና እንደ ሮጀርስ ሁሉ ኳርተርባክ (ኳስ የሚወረውር የማጥቃት መሪ) የሆነውን ጆርዳን ላቭን ወሰደ። ቁጣው ከባድ ነበር። ሮጀርስ በዚያው ዓመትና በቀጣዩ፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ላቭ ተቀመጠ፤ ደጋፊውም አሸናፊ መሰለ። በ2023 ሮጀርስ ወደ ጄትስ ሄደ፤ ላቭ ገባ፤ በዚያው የውድድር ዘመን ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፍ) ላይ ዳላስን በገዛ ሜዳው 48 ለ 32 አሸነፉ። ሮጀርስ ራሱ በ2005 በ24ኛ ተራ የተወሰደው የዚያን ጊዜው ኳርተርባክ ብሬት ፋቭር ገና በሙሉ ጉልበቱ እየተጫወተ ሳለ ነው።

ደጋፊው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። በ2020 እና በ2021 ዋንጫው ቅርብ ነበር፤ አንድ ሪሲቨር ምናልባት ያደርሳቸው ነበር። ይህ ሙሉ ክርክር ነው፣ ልታነሡትም ትችላላችሁ። ስትከራከሩ ግን “የዘንድሮውን ዋንጫ እመርጣለሁ፤ በ2023 የሚመጣውን ችግር ያኔ እንወጣዋለን” በሉ። ዓመቱን ጥሩት። ዓመት ያልተጠራበት የድራፍት ክርክር መቼም መቋጫ አያገኝም።

ሌላም ነገር አለ። የዘንድሮን ቀዳዳ መድፈኛው ጊዜ ማርች ነው። በማርች አጋማሽ ውላቸው ያለቀ ነባር ተጫዋቾች ገበያው ላይ ይወጣሉ፤ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ሰጥታችሁ መስከረም ላይ የምትተማመኑበትን ሰው የምታገኙት ያኔ ነው። ገና 21 እና 22 ዓመት የሞላው ልጅ ከኮሌጅ መጥቶ በመጀመሪያው ሳምንት የቀዳዳችሁን ልክ ይሞላል ብሎ መጠበቅ ልጁንም መበደል ነው። ድራፍቱ ካለፈ በኋላም ከሜይ እስከ ኦገስት ድረስ ነባር ሰዎች ይገኛሉ። በኤፕሪል የሚወሰደው ሰው ዋናው ሥራው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው።

ታዲያ ክፍተትን እንዴት ማየት ይቻላል? አንድ ወረቀት ውሰዱና ስም ዝርዝሩን በየቦታው ጻፉ። የመጨረሻው ቡድን 53 ሰው ነው። አከፋፈሉ ከቡድን ቡድን ትንሽ ቢለያይም፣ ኳርተርባክ 2 ወይም 3፣ ራኒንግባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጥ) 3 ወይም 4፣ ሪሲቨር 5 ወይም 6፣ ታይት ኤንድ (መንገድ የሚከፍትም ኳስ የሚይዝም) 3፣ ኦፌንሲቭ ላይን (የማጥቃቱ የፊት መስመር) 9 ገደማ፣ በመከላከል በኩል የፊት መስመርና ፓስ ራሸር (የተጋጣሚን ኳርተርባክ የሚያሳድድ) 9 ወይም 10፣ ላይንባከር (ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆም) 5 ገደማ፣ ኮርነር (ሪሲቨሮችን የሚይዝ ተከላካይ) 5 ወይም 6፣ ሴፍቲ (ከሁሉም ኋላ የሚቆም ተከላካይ) 4 ገደማ፣ በተጨማሪም ኪከር፣ ፐንተርና ሎንግ ስናፐር (ኳስ የሚመቱትና ለምቱ የሚያቀብለው) ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ውሉ የሚያልቅበትን ዓመትና ዕድሜውን። ከዚያ ውላቸው ዘንድሮና ከርሞ የሚያልቀውን ቋሚ ተሰላፊዎች አክብቡ። ሁለት ክብ የተጠጋጋበት ቦታ የእውነት ክፍተት ነው፤ ባለፈው ዓመት ጥሩ የተጫወቱ ቢሆኑም።

በዋሽንግተን የ2025 ሁኔታ እንሞክረው። በማርች ቡድኑ ላረሚ ተንሲልን ከሂዩስተን አመጣ፤ የግራ ታክል ማለትም የኳርተርባኩን ጀርባ የሚጠብቅ ሰው ነው። የከፈለው የ2025 ሦስተኛና ሰባተኛ ዙር፣ የ2026 ሁለተኛና አራተኛ ዙር ምርጫ ሲሆን፣ ከተንሲል ጋር አንድ አራተኛ ዙር ምርጫ ተመለሰለት። ብዙው ደጋፊ “የታክል ጉዳይ ተዘጋ” አለ። ኤፕሪል ላይ ቡድኑ በ29ኛ ተራ ከኦሪገን ጆሽ ኮነርሊን ወሰደ፤ እሱም ታክል! “ፓስ ራሸር እያስፈለገን?” ተባለ። አሁን ወረቀቱን እዩት። ተንሲል ያኔ 30 ዓመቱ ነው፣ ውሉ እስከ 2026። የቀኝ ታክሉ አንድሩ ዋይሊ በ2023 የሦስት ዓመት ውል የፈረመ ነው፤ የሚያልቀው 2025 ሲጠናቀቅ ነው። ሁለት ክብ፣ ጎን ለጎን። ኳርተርባኩ ጄይደን ዳንኤልስ ደግሞ ቢያንስ እስከ 2027 ድረስ በርካሽ ውሉ ላይ ነው። ኮነርሊ በኮሌጅ የተጫወተው በግራ ሲሆን እዚህ ወደ ቀኝ አሻገሩት። ምርጫው የዘንድሮን ቡድን ሳይሆን የ2026ን እና የ2027ን ኦፌንሲቭ ላይን የሚመለከት ነበር። ፓስ ራሸር ይሻል ነበር ብላችሁ ብትከራከሩ እሰማለሁ፤ “ታክል አለን” የሚለውን ግን ወረቀቱ ራሱ ያፈርሰዋል።

“ጎበዙን ውሰዱ፣ ቦታው ምን ያደርጋል?”

ይህ የፊተኛው ተቃራኒ ነው፤ የሚሰማውም ብልህ ከሚመስሉ ሰዎች ነው። ጎበዝ መውሰዱ ልክ ነው። የጎደለው ዋጋው ነው።

የድራፍት ደመወዝ የሚወሰነው በተራ ቁጥር እንጂ በቦታ አይደለም። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ ለስድስት ዓመት 78 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያ ውስጥ 50 ሚሊዮኑን በዋስትና ተፈራረመ። በ2011 አዲሱ የሥራ ስምምነት መጣና በዚያው ዓመት አንደኛ የሆነው ካም ኒውተን ለአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ ብቻ አገኘ። ከዚያ ወዲህ በ2ኛ ተራ የመጣ ኳርተርባክም ራኒንግባክም የሚከፈላቸው ያው ነው።

ስለዚህ ሂሳቡን ሥሩ። ዳንኤልስ በ2024 በ2ኛ ተራ ሲመጣ የአራት ዓመት ውሉ 37.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በዓመት ወደ 9.4 ሚሊዮን መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ኳርተርባክ ዳክ ፕሬስኮት ከዳላስ ጋር በዓመት 60 ሚሊዮን ተፈራረመ። ልዩነቱ 50 ሚሊዮን ነው፤ የ2024 የደመወዝ ጣሪያ 255.4 ሚሊዮን ስለነበር የጣሪያው አንድ አምስተኛ ማለት ነው። በዚያ ገንዘብ ታክል፣ ኮርነርና ሪሲቨር ይመጣሉ። አሁን በ2018 በዚያው በ2ኛ ተራ ጃያንትስ የወሰዱትን ራኒንግባክ ሴኩዎን ባርክሊን ውሰዱ። ውሉ ለአራት ዓመት 31 ሚሊዮን ገደማ፣ በዓመት ወደ 7.8 ሚሊዮን ነበር። በዚያ ክረምት የቦታው ውድ ውል የነበረው የቶድ ገርሊ በዓመት 14.4 ሚሊዮን ነው። የተረፈው 6.6 ሚሊዮን ብቻ ነው።

ባርክሊ ጎበዝ ስለመሆኑ ጥያቄ የለም። በ2024 ወደ ፊላደልፊያ ሄዶ በመደበኛው ውድድር 2,005 ያርድ ሮጠ፤ ሱፐር ቦውልንም (የሊጉን ዋንጫ) በላ። ነገር ግን ኢግልስ ያገኙት በማርች ገበያ ነው፤ በድራፍት 2ኛ ተራ አላወጡበትም። በገበያ በመጠነኛ ዋጋ የሚገኝን ቦታ በውድ ተራ መሙላት ነው ስህተቱ። ለኳርተርባክ፣ ለታክል፣ ለፓስ ራሸር፣ ለኮርነርና ለሪሲቨር ገበያው ውድ ነው፤ ስለዚህ የላይኛው ዙር ለእነሱ ይሳሳል። ለራኒንግባክ፣ ለሴፍቲ፣ ለታይት ኤንድና ለጋርድ (ከታክል ወደ ውስጥ የሚቆም የመስመር ተጫዋች) ሂሳቡ ጠበብ ይላል፤ ልጁ ከእኩዮቹ በጣም ካልራቀ በቀር አያዋጣም።

“ክፍተት” እና “ጎበዝ” ደግሞ ጠላት አይደሉም። ቡድኖች ተጫዋቾችን ከ1 እስከ 250 በነጠላ ሰልፍ አይደረድሩም፤ በደረጃ በደረጃ ያቧድናሉ። በአንድ ደረጃ ውስጥ አራት እኩያ ልጆች ካሉ፣ ያኔ ክፍተት ይወስናል። ከላይኛው ደረጃ አንድ ልጅ ብቻ ከቀረ እሱን ነው መውሰድ፣ ቦታው ባይጎድልም።

“የፈለገውን ያህል ይክፈሉና ከፍ ይበሉ”

የዋሽንግተን ደጋፊ ይህን ማለት አይገባውም ነበር። በ2012 ኳርተርባኩን ሮበርት ግሪፊንን ለማግኘት ቡድኑ ከራምስ ጋር ተለዋውጦ ከ6ኛ ወደ 2ኛ ተራ ከፍ አለ። የሰጠው 6ኛውን፣ የዚያኑ ዓመት 39ኛ ምርጫ፣ የ2013ን አንደኛ ዙርና የ2014ን አንደኛ ዙር ነበር።

የትሬድ (የምርጫና የተጫዋች ልውውጥ) ሂሳብ ለመሥራት በዳላስ በጂሚ ጆንሰን ዘመን የተዘጋጀው የነጥብ ሰንጠረዥ አሁንም ጥሩ መነሻ ነው። 1ኛ ተራ 3,000፣ 2ኛ 2,600፣ 6ኛ 1,600፣ 10ኛ 1,300፣ 16ኛ 1,000፣ 32ኛ 590 ነጥብ ነው። ዛሬ ቡድኖች የየራሳቸው ሰንጠረዥ አላቸው፤ የድሮው የላይኞቹን ተራዎች ዋጋ አጋኗል የሚሉም ብዙ ናቸው። ለካፌ ክርክር ግን ይበቃል። የሚቀጥለው ዓመት ምርጫ በልማድ አንድ ዙር ዝቅ ብሎ ይታሰባል፤ የከርሞ አንደኛ ዙር ዛሬ የሁለተኛ ዙር መካከለኛ ዋጋ አለው፣ ወደ 420 ነጥብ።

ግሪፊን ላይ እንሥራው። 6ኛው 1,600፣ 39ኛው 510፣ ድምሩ 2,110። ከ2,600 የጎደለው 490 ነው፤ በሰንጠረዡ 490 የ41ኛ ተራ ዋጋ ነው። ዋሽንግተን አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ የሚያህል ጉድለት በሁለት አንደኛ ዙር ሞላው። የወደፊቶቹን ሁለቱንም በአንድ ዙር ቅናሽ ብናስባቸው እንኳ 840 ነጥብ ለ490 ከፍሏል። ቅናሹን ሳይቆጥሩ ደግሞ እንዴት ሆነ? የ2013ቱ 22ኛ ተራ ሆነ። የ2014ቱ፣ ቡድኑ 3 ብቻ አሸንፎ 13 ስለተሸነፈ፣ 2ኛ ተራ ሆኖ ለራምስ ተላለፈ። ማለት በ2012 የገዛውን ተራ ራሱን በ2014 መልሶ ከፈለው።

ግሪፊን የመጀመሪያው ዓመት ድንቅ ነበር፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ። ጃንዋሪ 2013 ላይ በሲያትል ጨዋታ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። የሦስት ዓመት ድራፍቱን በአንድ ጉልበት ላይ የጫነ ቡድን መውደቁ አይቀርም። በዚያው ድራፍት በ102ኛ ተራ፣ በአራተኛው ዙር፣ ከርክ ከዝንስን ሲወስዱ “በአንድ ድራፍት ሁለት ኳርተርባክ ምን ይሠራል?” ተብሎ ነበር። ከ2015 እስከ 2017 ቡድኑን የመራው እሱ ነው።

ከፍ በሉ ከማለታችሁ በፊት ሰንጠረዡን ደምሩ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ዓመት ምርጫዎች ቁጠሩ፣ ከዚያ የምትሞሏቸውን ክፍተቶች በወረቀቱ ላይ ፈልጉ። ምርጫ ካለቀ የሚሞላቸው የለም።

ወደ ታች መውረድ ላይም የራሱ ስህተት አለ። በ2024 ዋሽንግተን 40ኛውንና 78ኛውን ለኢግልስ ሰጥቶ 50ኛውንና 53ኛውን ተቀበለ (በሁለቱም በኩል አንዳንድ የአምስተኛ ዙር ምርጫ ተጨምሯል)። በነጥብ 500 እና 200 ሰጥቶ 400 እና 370 አገኘ፤ 770 ለ700፣ በወረቀት ትርፍ ነው። በ50ኛው ማይክ ሴንሪስቲልን፣ በ53ኛው ቤን ሲኖትን ወሰደ። ኢግልስ በ40ኛው ኩፐር ዲጂንን ወሰዱ፤ በፌብሯሪ 2025 ሱፐር ቦውል ላይ የተጋጣሚውን ኳርተርባክ የፓትሪክ ማሆምስን ኳስ ነጥቆ ተችዳውን (የፉትቦል ጎል) ያስቆጠረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ “ዲጂንን ሸጥነው” የማይል የለም። ሰንጠረዥ የተራውን ዋጋ ያውቃል፤ በዚያ ሰዓት ማን እንደቀረ አያውቅም። ትክክለኛው ጥያቄ በዚያች ዓርብ ማታ የሚጠየቀው ነው፦ ከላይኛው ደረጃ የቀረ ልጅ አለ ወይ? ከፍ የሚለውስ በዓመት ሁለት ጊዜ የምንገጥመው ቡድን ነው ወይ? ይህን በዚያ ማታ የጠየቀ ደጋፊ እውነት አለው። ከሱፐር ቦውል በኋላ የጀመረ ክርክር ግን ውጤት አይቶ የተሰጠ ፍርድ ነው።

“4.3 ሮጧል!”

4.3 የሚባለው የ40 ያርድ ሩጫ ሰዓት ነው፣ በሰከንድ። 40 ያርድ 36.6 ሜትር ገደማ ነው፤ ያለ ኳስ፣ ያለ ተከላካይ፣ ቀጥ ብሎ። በ2017 ኢንዲያናፖሊስ በኮምባይኑ (ቡድኖች የኮሌጅ ልጆችን በሚለኩበት ፈተና) ጆን ሮስ በ4.22 ሰከንድ ሮጦ ያኔ ሪከርድ ሰበረ፤ ቤንጋልስ በ9ኛ ተራ ወሰዱት፤ በመጀመሪያው ዓመት አንድም ኳስ አልያዘም። በዚያው ዓመት በ4.62 የሮጠው ኩፐር ከፕ በ69ኛ ተራ ወደ ራምስ ሄደ፤ በ2021 የውድድር ዘመን በያዘው ኳስ ብዛት፣ በያርድና በተችዳውን ሊጉን መርቶ የሱፐር ቦውሉ ኮከብ ሆነ። ሁለቱም ሪሲቨሮች ናቸው። ተከላካዩን የማታለል ርምጃና ኳሱ ሲደርስ ያለበት ቦታ በሰዓት አይለካም።

ቁጥር ማንሣት ካማራችሁ ለቦታው የሚሆነውን አንሡ። ለኦፌንሲቭ ላይንና ለፓስ ራሸር የመጀመሪያዎቹን 10 ያርድ ተመልከቱ፤ ትግሉ ሁሉ እዚያ ነው። ለታክል የክንድ ርዝመት ይታያል፤ 33 ኢንች ካልሞላ ብዙ ቡድኖች ወደ ጋርድ ይገፉታል። የኮሌጅ “ፕሮ ዴይ” (ኮሌጁ ራሱ የሚያዘጋጀው ፈተና) ሰዓትን ደግሞ ከኮምባይን ሰዓት ጋር አታወዳድሩ፤ በእጅ የሚያዝ ሰዓት ፈጠን ያደርጋል።

“እስከ ሁለተኛው ዙር ወረደልን፣ ሌብነት ነው!”

አንድ ጎበዝ ልጅ ሲወርድ መጀመሪያ የምታስቡት ሐኪምን ይሁን። ቡድኖች ኢንዲያናፖሊስ ላይ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ያስመረምራሉ፣ ኤፕሪል ላይ የተጎዱትን መልሰው ያያሉ፤ እናንተ ያንን ወረቀት አታዩትም። ጄይለን ስሚዝ ከኖትር ዳም የመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ይገባል ይባል ነበር፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ጉልበቱ ተጎዳ፤ ዳላስ በ34ኛ ተራ ወሰዱት፣ ያን ዓመት ሙሉ አልተጫወተም። በዚያው ድራፍት ማይልስ ጃክም በጉልበት ሥጋት እስከ 36ኛ ወረደ። አንዳንዴ ምክንያቱ ሌላ ይሆናል፤ ተንሲል በዚያው ዓመት 13ኛ የሆነው ድራፍቱ ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩ በገጹ ላይ በተለቀቀ ቪዲዮ ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ዋሽንግተን ስንት እንደከፈለበት ከላይ አይታችኋል።

ባጭሩ የሚታለፉ

“ብሬዲ 199ኛ፣ ፐርዲ 262ኛ ነበሩ።” እውነት ነው፤ ቶም ብሬዲ በ2000፣ ብሮክ ፐርዲ በ2022 የመጨረሻው ሰው ሆነው። ስማቸውን የምናውቀው ብርቅ ስለሆኑ ነው፤ በሰባተኛው ዙር ኳርተርባክ አገኛለሁ ማለት ዕቅድ አይደለም።

“ሁለት ኮርነር አለን፣ ይበቃል።” ዛሬ መከላከል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰለፈው በአምስት የኋላ ሰዎች ነው። ሦስተኛው፣ በውስጥ የሚጫወተው ኮርነር፣ ቋሚ ተሰላፊ ነው፤ ከሦስተኛው ላይንባከር በላይ ሜዳ ላይ ይቆያል። ሦስት ቁጠሩ፣ አራተኛውንም ጉዳት ስለማይቀር ፈልጉ።

“እሱን አሰናብቱትና ልጅ ውሰዱ።” መጀመሪያ ውሉን ተመልከቱ። ለፊርማ የተሰጠ 20 ሚሊዮን በአራት ዓመት ሲከፋፈል በዓመት 5 ሚሊዮን ይቆጠራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ካሰናበታችሁት ቀሪው 10 ሚሊዮን በአንድ ጊዜ ጣሪያችሁ ላይ ይወድቃል፤ ከጁን 1 በኋላ ከሆነ 5 ዘንድሮ፣ 5 ከርሞ። ሰውየው የለም፣ ገንዘቡ ግን አለ። ዴንቨር ረስል ዊልሰንን በ2024 ሲያሰናብቱ 85 ሚሊዮን በሁለት ዓመት ተሸክመዋል።

“32ኛውና 33ኛው ምን ልዩነት አላቸው?” አንድ ዓመት። በአንደኛው ዙር የመጣ ሰው ብቻ ነው የአምስተኛ ዓመት አማራጭ ያለው፤ ቡድኑ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ በሜይ መጀመሪያ ይወስናል። ሬቨንስ በ2018 በትሬድ ተመልሰው ገብተው ላማር ጃክሰንን በ32ኛ የወሰዱት ይህን ጭምር አስበው ነው፤ 2022ን የተጫወተው በዚያ አማራጭ ነው።

“ውሉ ያለቀውን በነፃ ለቀቅነው።” ሁልጊዜ በነፃ አይደለም። በገበያ የሄዱባችሁ ካመጣችኋቸው ከበለጡ፣ ሊጉ በሚቀጥለው ዓመት ከሦስተኛ እስከ ሰባተኛ ዙር ማካካሻ ይሰጣል፤ ለአንድ ቡድን እስከ አራት። ከዝንስ በ2018 ወደ ሚኒሶታ ሲሄድ ዋሽንግተን በ2019 የሦስተኛ ዙር ማካካሻ አገኘ። ከቡድኑ ተሰናብቶ የመጣ ተጫዋች በዚህ ሂሳብ አይቆጠርም፤ ለዚህ ነው ብልጥ ቡድኖች የተሰናበቱትን የሚያድኑት።

በማግሥቱ ለድራፍት የሚሰጥ “ኤ” እና “ሲ” ውጤት አታንብቡ። ሦስት ዓመት ጠብቁ።

ቅዳሜን መናቅ

ሐሙስ አንደኛው ዙር፣ ዓርብ ሁለተኛና ሦስተኛው፣ ቅዳሜ ከአራተኛ እስከ ሰባተኛው። ቅዳሜ አብዛኛው ሰው ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ሥራው ላይ ነው፤ የሚከታተለውም “ይህ ልጅ ማንን ይተካል?” ይላል። ጥያቄው የተሳሳተ ነው። የስድስተኛ ዙር ላይንባከር ከቋሚው ጋር አይወዳደርም፤ የሚወዳደረው ለ53ቱ የመጨረሻዎቹ አምስት ወንበሮች ነው። ያ ወንበር የሚገኘው በስፔሻል ቲም ነው፤ በኪክኦፍና በፐንት ላይ ሮጦ በመጣል። ስለዚህ ስሙ ሲጠራ ኮሌጅ እያለ በስፔሻል ቲም ስንት ተጫወተ፣ ኳስ ይመልሳል ወይ ብላችሁ ፈልጉ። ዋሽንግተን ከተንሲል ጋር የመጣለትን 128ኛ ምርጫ በ2025 ያዋለው በጄይሊን ሌን ነው፤ ሪሲቨር ቢሆንም በቨርጂኒያ ቴክ ፐንት ይመልስ ነበር። የኪክኦፍ ደንብ በ2024 ከተቀየረ ወዲህ ኳስ መመለስ በዝቷል፤ የዚህ ዓይነት ሰው ዋጋም ጨምሯል።

53ቱ ውስጥ ያልገባ ልጅ ብዙ ጊዜ ወደ 16ቱ የልምምድ ቡድን ይመለሳል። ሊመለስ የሚችለው ግን በኦገስት መጨረሻ ሲሰናበት ከሌሎቹ ቡድኖች አንዱ ካልነጠቀው ነው። “በልምምድ ቡድን እናቆየው” ስትሉ ያንን አደጋ ጨምራችሁ ቁጠሩ። በ2027 ድራፍቱ እዚሁ ዋሽንግተን፣ ናሽናል ሞል ላይ ይካሄዳል፤ ሐሙስ ማታ ቦታ ለማግኘት መጋፋቱ አይቀርም። ቅዳሜ ይሻላል፤ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ።